ከዝርዝሩ አሥረኛው ስም

አርብ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነበር። ኩዌት ውስጥ፣ ሱራ ከሚባለው ሰፈር ካለው ጀምዒያ፣ የሰፈሩ ነዋሪዎች በጋራ ከሚገበዩበት ትልቅ ሱቅ፣ ዳቦና እርጎ ልገዛ ገባሁ። ከመግቢያው በስተቀኝ፣ የተማሪ ቦርሳዎች ከተደረደሩበት መደርደሪያ አጠገብ፣ አዳዲስ የቅርጫት ኳሶች በሽቦ ሣጥን ተከምረዋል። በዚያ በኩል ለማለፍ አልፈለግሁም ነበር፤ መንገዱ ግን በዚያ ነው። የአዲስ ጎማ ሽታ፣ ቡናማ ካርቶንና ትንሽ ቤንዚን የተቀላቀለበት የሚመስለው ያ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲነካኝ ጋሪዬን ይዤ ቆምኩ። ሳልዋ ሰፈር የነበረው የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ቀለሙ የተላጠው የብረት ምሰሶ፣ የአርብ ከሰዓት ፀሐይ የምታሞቀው የሲሚንቶ ደረጃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡ። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው ከኋላዬ አንዲት ሴት «ቲቸር?» ያለችኝ።

በዚህ ስም የሚጠሩኝ ሰዎች አብዛኞቹ ከኩዌት ከወጡ ቆይተዋል። አስተማሪ ሆኜ አላውቅም። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ እዚህ አገር የሠራሁት ደግሞ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት፣ የተማሪዎችን ፋይል በፊደል ተራ ማስቀመጥ ነበር። መነጽርና እስክሪብቶ ስለማይለዩኝ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን ልጆች ቲቸር አሉኝ፤ እኔም አላረምኳቸውም። ዞር ስል ዝናሽን አየሁ። በጆሮዎቿ አጠገብ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ግራጫ የቤት ሠራተኛ ልብስ ለብሳለች፤ ጋሪዋ ውስጥ ሁለት ካርቶን ውኃ፣ ሩዝና የአዋቂ ዳይፐር አለ። ተሳሳምን። «ወፍረሻል፣ ተመስገን» አለችኝ፤ እኔም «አንቺ አልተለወጥሽም» አልኳት፤ ውሸቴን ነው። ልጅ ስለ መውለዴም፣ አገር ስለ መግባቴም አልጠየቀችኝም። ኳሶቹን አየት አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቲቸር፣ ያን ዓመት ዋንጫውን በላን እንዴ?» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። አሥራ አራት ዓመት ገደማ አልፏል፤ እሷ ግን «በላን» ነው ያለችው። «አዎ» አልኩ። «በስንት?» «በአሥራ አንድ ነጥብ ልዩነት።» ፊቷ በራ። «እሰይ! ካሜሩኗ ናት፣ አይደል? እኔ እኮ የነገረኝ ሰው የለም። በኋላ በኋላ ስልኬንም ማዳም ስለያዘችው የማሚትም ቁጥር ጠፋ፣ ያንቺም ጠፋ።» «አርብ አርብስ?» አልኳት፤ መልሱን እያወቅሁ መጠየቄ አሁንም ያሳፍረኛል። «ኸረ ከዚያ ወዲህ! አርብ የወጣሁትማ ማዳም ከሞተች በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት። አሁን የልጇ ቤት ነኝ፣ ጥሩ ሰው ናት።» ይህን ያለችው ስለ ዝናብ በምታወራበት ድምፅ ነው። ከውጭ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ «በይ ደህና ሁኚ፣ ለማሚት ካገኘሻት ሰላም በያት» ብላ ጋሪዋን እየገፋች ወጣች። እርጎውን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያን ዘመን ስናነሣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናወራው ስለ ዋጋ ነው። አውቶቡሱ ሁለት መቶ ፈልስ፣ የዲናር አንድ አምስተኛ፣ ነበር፤ ከሳልዋ እስከ ከተማው ድረስ፣ ከሱራ ብትሳፈሪም ከደስማ ብትሳፈሪም ያው ሁለት መቶ። ሻዋርማ ሩብ ዲናር፤ አንድ ዲናር ያላት ሴት ሁለት ጓደኛ ጋብዛ ለመልሷ ይተርፋት ነበር። አገር ቤት የሚደወልበት ካርድ በጥፍር ይፋቃል፤ የአርብ ከሰዓት ጥፍሮቻችን ሁሉ ከሥራቸው ግራጫ ነበሩ። ከአርብ ገበያ የሚገዛ የስፖርት ጫማ አንድ ዲናር ተኩል ያወጣል፤ አንዳንዴ ግራና ቀኙ ቁጥሩ ይለያያል፤ በሁለት ካልሲ ይስተካከላል። ማልያችን ቢጫ ነበር። ቁጥሮቹን በካውያ የለጠፈልን የልብስ ስፌት ቤት፣ ከአንድ ልብስ ንጽህና መስጫ ጎን በሚገኘው ጠባብ ጥግ ላይ ነበር፤ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ማልያው በታጠበ ቁጥር ቁጥሩ ይላጣል፤ ስለዚህ ስምንት ቁጥር በወሩ ሦስት ይሆናል፤ ዳኛውም የጥፋት ምልክት ሲሰጥ ማንን እንደቀጣ አያውቅም ነበር። ልጆቹ ከቁምጣው ሥር ረጅም ጥቁር ሱሪ ይለብሳሉ፤ አንገታቸው ላይ የእንጨት መስቀል ያሠሩት ጨዋታ ሲጀመር ወደ ኋላቸው ያዞሩታል። ደረጀ መኪናውን ከአጥሩ ጥግ አቁሞ በሮቹን ይከፍትና ዘፈን ይለቅልናል፤ ከፊሉ ሰው ያለቅሳል፣ ከፊሉ እስክስታ ይወርዳል፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ይዘጋል።

ደረጀ ሱራ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሹፌር ነበር፤ በልጅነቱ በትምህርት ቤቱ ቡድን ተጫውቷልና አሠልጣኛችን ሆነ። ቡድኑን የመሠረተችው ግን ዝናሽ ናት። እኔ የምሠራበት ትምህርት ቤት ሜዳ አርብ አርብ ባዶ እንደሚሆን አውቃ፣ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዛኝ «ቲቸር፣ ዳይሬክተሩን ጠይቂልን፣ አናቆሽሽም» አለችኝ። ጠየቅሁ፤ ተፈቀደ። ኳሱን የገዛችው እሷ ናት፤ መጀመሪያ የመጡትን ሰባት ሴቶች አንድ በአንድ የለመነችው እሷ ናት። ከዓመት በኋላ በአገር በአገር ከተቋቋሙ የሴቶች ቡድኖች ጋር መወዳደር ጀመርን። ፊሊፒኖቹ ገና ሲፈጠሩ ኳስ ይዘው የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ በየዓመቱ ያሸንፉናል፤ ሲያሸንፉንም ፈገግ ብለው ብስኩት ያካፍሉናል፤ ያ ብስኩት ነው ደጋፊዎቻችንን ያሳበደው።

አሁን ስለ ወረቀቱ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነውና። በየውድድሩ መጀመሪያ የአሥር ተጫዋቾች ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ይጻፋል፤ ከስሙ ጎን ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ አዘጋጆቹ ክብ ማኅተም ይመቱበታል። ለውድድሩ ይህ በቂ ነበር። እኛ ግን ሌላ አገልግሎት አገኘንለት። እያንዳንዷ ተጫዋች አንድ ቅጂ ወስዳ ለማዳሟ ትሰጣለች፤ ማዳሟም ማኅተሙን አይታ፣ ልጅቷ አርብ የምትሄደው የት እንደሆነ አምና፣ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፈዋለች። ስሟ ያለባት ትወጣለች። ለአንዳንዶቹ፣ ድሮም አርባቸው የራሳቸው ለሆነው፣ ወረቀቱ ጌጥ ነበር። ለሌሎቹ በር ነበር። ለዝናሽ በር እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ምክንያቱም የሱራዋ ማዳሟ በየውድድሩ መጀመሪያ ቢሮዬ ትደውልና ትጠይቀኛለች። «ስሟ አለ? ማኅተም አለው? ከሌለ ንገሪኝ፤ አርብ እኅቶቼ ይመጣሉ፣ የሚያስተናግድ ሰው ያንሰኛል።» ዝናሽ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለልጆቹ የነገረቻቸው ሌላ ነው፤ «የኔ ማዳም እንደ ልጇ ናት የምታየኝ፤ አርቤን ነክታብኝ አታውቅም» ትላቸዋለች። በዕድሜ ከሁሉም ትበልጣለች፤ የሌሎቹን ማዳሞች ታማለች፤ ምክር ትሰጣለች። የእሷ በር በአንድ ወረቀት እንደተንጠለጠለ ቢያውቁ ኖሮ ያ ሁሉ ክብር አይኖራትም ነበር። እኔንም «ለራስሽ ያዥው» ብላኛለች፤ ያዝኩት።

ብሪጂት የመጣችው በዚያ ዓመት ነው። ካሜሩናዊት ናት፤ ሳልዋ ውስጥ በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ በአገሯ ለክለብ ተጫውታለች ተባለ። የውድድሩ ደንብ እያንዳንዱ ቡድን ከሌላ አገር አንድ ተጫዋች እንዲያስፈርም ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ተጠቅመንበት አናውቅም። ደረጀ ማዳሙን ፀጉር ቤት አድርሶ ሲጠብቅ በመስታወቱ አያት፤ በዚያው ሳምንት አርብ ሜዳው ላይ ይዟት መጣ። ለሙከራ ግማሽ ሰዓት ተጫወተች። ከዚያ ውኃዋን ይዛ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀመጠች፤ አማርኛ ስለማታውቅ ፈገግ እያለች የሚከራከሩባትን ሰዎች ታያለች።

ክርክሩን የጀመረችው እንደ ወትሮው ማሚት ናት። ማሚት ደስማ ነበር የምትሠራው፤ ተጫውታ አታውቅም፤ ግን ከደረጃው ላይ ያለ እሷ ጨዋታ ጨዋታ አይሆንም ነበር።

«አያችኋት?» አለች ቆማ። «እሷ እኮ ቆማ ቅርጫቱን ታናግረዋለች። የኛዎቹ ደብዳቤ ነው የሚልኩለት!»

ደረጃው በሳቅ ተናጋ። ወይንሸት፣ አርብ ጠዋት በአንድ ቤት በሚሰበሰቡት ፕሮቴስታንቶች ዘንድ መዝሙር የምትመራው፣ እጇን አነሣች። «ቆይ እስቲ እኅቶቼ፣ የኢትዮጵያ ቡድን አይደለም እንዴ የምንባለው? ካሜሩን ስትገባበት ምን ሊባል ነው?»

«አሸናፊ ይባላላ!»

«ባንዲራውስ?»

«ቀለሙ ያው የኛው ነው፤ ጋደም ማድረግ ብቻ ነው የሚቀረው» አለች ማሚት።

«እሺ፣ በምን ትገባለች? ምን ጠየቀች?»

ደረጀ ጭንቅላቱን አከከ። «ጫማ ብቻ። አርባ አራት ቁጥር።»

«ጫማ ነው ጀልባ? በባሕር ነው የመጣችው በለኛ!» አለች ማሚት።

ወይንሸት ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና «እንግዲያው እንጸልይበት» አለች። ማሚት «እኔ ጸልያለሁ፣ አምላክም አንድ ሜትር ከሰማንያ ስድስት አድርጎ መልሶልኛል» አለቻት። ከዚያ በኋላ መቃወም የደፈረ አልነበረም። በአራት ዓመት ስድስት ጊዜ ተሸንፈን፣ ስድስት ጊዜ ብስኩት በልተናል። ብሪጂት እንድትፈርም ሁሉም እጁን አወጣ፤ ዝናሽም አወጣች። እኔም።

ያን ጊዜ ነው ደረጀ ጉሮሮውን የጠረገው። «አሥር ነው የሚፈቀደው። አሥር አለን። አንድ ሰው ይወጣል።»

 ዝናሽ ከደረጃው ሥር፣ ከእኛ አምስት እርምጃ ያህል ርቃ፣ የጫማዋን ክር ታሥራለች። ጉልበቷ ካመማት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስትሮጥ ቀኝ እግሯን ትጎትታለች። ማሚት ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«ይሄም ጥያቄ ሆነ? እታለም ዝናሽ ናታ! ኳስ ስትይዝ እኮ ትሪ ይዛ እንግዳ የምታስተናግድ ነው የምትመስለው። ጎንበስ ትልና ‹ተፈዲሊ› ብላ ለፊሊፒኖቹ ታቀርብላቸዋለች!»

ሁላችንም በየቀኑ በምንሠራበት ወይም በምንሰማበት ቤት «ተፈዲሊ» ማለት ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ እንኩ፣ ይቅመሱ፣ ይውሰዱ ማለት ነው። ሳቁ እንደዚያ የበረታው ለዚህ ነው። ቀልዱ ልክ ነበር። ዝናሽ ኳስ የምትይዘው በእርግጥ በሁለት መዳፍ፣ ከደረቷ ፊት፣ እንዳይደፋ እንደምትጠነቀቅለት ነገር ነበር። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ አፌን በመዝገቡ ደብተር ሸፈንኩ፤ ይህንንም አስታውሳለሁ።

ወይንሸት፣ «ተዉ እንጂ! ቡድኑን የመሠረተችው እኮ እሷ ናት» አለች።

«ሐውልት እናቆምላታለና! ከቅርጫቱ ሥር። ቢያንስ ኳስ ይመታትና ወደኛ ይመለሳል።»

ዝናሽ ክሯን አሥራ ጨረሰች፤ ተነሣች። ኳሱን ከመሬት አነሣችና በቀኝ መዳፏ ላይ አስቀመጠች፤ ግራ እጇን ወደ ጀርባዋ አዞረች፤ እየተንሸራተተች ወደ ደረጃው መጥታ ማሚት ፊት ጎንበስ አለች። «ተፈዲሊ፣ ማዳም» አለቻት። ሰው በሳቅ ሞተ። ማሚት ኳሱን ተቀብላ፣ እንደ ማዳም በዐረብኛ አመስግና፣ «ሹክረን፣ ስኳር አንሶታል» አለች። ከዚያ አንዲቱ ማጨብጨብ ጀመረች፤ «ተ-ፈ-ዲሊ! ተ-ፈ-ዲሊ!» እያሉ ደረጃው ሙሉ በጭብጨባ ዘመረ፤ ብሪጂትም ከመኪናው ጥላ ሥር ሆና፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ አብራ አጨበጨበች። ዝናሽ እየሳቀች እጅ ነሣች። በዚያ ሜዳ ላይ ኳስ የያዘችው ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

ጭብጨባው ሲበርድ ደረጀ፣ ጥሩ ሰው ስለነበር፣ «ዝናሽ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«እኔ ምን ቸገረኝ!» አለች። «ብወጣም ከነማሚት ጋር ቁጭ ብዬ እሰድባችኋለሁ። የኔ ማዳም መቼ አርቤን ነክታብኝ ታውቃለች?»

«የማዳም ልጅ!» አለች ማሚት።

ዝናሽ ይህን ስትል ያየችው ማሚትን አልነበረም፤ እኔን ነው። እንዳልናገር ትለምነኝ ነበር ወይስ እንድናገር፣ ያኔም አልለየሁትም፤ ዛሬም አልለየሁትም። ደረጀ ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ አንቺስ?»

«ደንቡ አሥር ይላል» አልኩ። «አሥራ አንድ ብንልክ ይመልሱታል።»

«እሱንማ እናውቃለን። ማን ይውጣ ነው።» የመዝገቡን ደብተር ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። «እንግዲያው እንደዚህ ይሁን» አለ፤ «ከኔ አፍ ከወጣ ቂም ነው። የነጥቡ መዝገብ አንቺ ጋ አለ፤ አንቺ የማንም ወገን አይደለሽም። ዝርዝሩ ነገ እስከ አራት ሰዓት መግባት አለበት። በሥርዓት አይተሽ አንቺው ወስኚ።» ሁሉም በዚህ ተስማማ። የማንም ወገን አለመሆኔን እንደ ሙገሳ ወሰድኩት፤ ትንሽም ደስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከዝናሽ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን። የምሽቱ ሶላት፣ ማግሪብ፣ ከመድረሱ በፊት ሱራ መግባት ነበረባት። ጎኔ ተቀመጠች፤ ቢጫ ማልያዋን አጥፋ በጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ ከቁጥር አሥሯ ላይ ዜሮው በግማሽ ተላጧል። «ተፈዲሊዋ ጥሩ ነበረች፣ አይደል?» አለችኝ። «ጥሩ ነበረች» አልኳት። «ስትስቂ አይቼሻለሁ» አለች፤ ቅያሜ አልነበረበትም፤ የደስ ደስ ነበረው፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምስቅ ሰው አይደለሁም። ሁለት ፌርማታ አለፍን። ከዚያ፣ «ወረቀቱን ነገ ነው የምትጽፊው?» አለች።

«ነገ ጠዋት።»

«እሺ።» መስኮቱን አየች። «ለማሚት የወረቀቱን ነገር አትንገሪያት። ምንም ቢሆን።»

«አልነግራትም።»

ከጀምዒያው ፊት ወረደች፤ ዛሬ ኳሶቹ ከሚሸጡበት። እጇን አወዛወዘችልኝ። ከእኔ የጠየቀችው ያን ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ቃል በቃል ፈጽሜዋለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቢያንስ በዚያ ደረጃ ላይ የነበሩት ሁሉ። ብሪጂት በመጀመሪያው ጨዋታ ሃያ ነጥብ አስቆጠረች። ጫማዋን ከአርብ ገበያ ስላላገኘንላት ደረጀ የሚያሽከረክርለትን ቤተሰብ አባወራ፣ የባባን፣ አሮጌ ጫማ ለምኖ አመጣላት። ፊሊፒኖቹን በመጨረሻው ጨዋታ አሸነፍናቸው፤ ማሚት አራት ፓኮ ብስኩት ገዝታ ሄዳ በእጇ አደለቻቸው፤ እንደ እነሱ ፈገግ እያለች። ቢጫ ለባሾቹ ከዋንጫው ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ እኔ ቤት አለ። በውድድሩ ሦስተኛ ሳምንት ማሚት፣ «ተፈዲሊ ጠፋች እኮ!» አለች። «ተቀየመች መሰለኝ» አለች ወይንሸት። «ኮራችብን በይ። የማዳም ልጅ፣ እኛን ምን ታድርገን?» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እኔ የነጥቡን መዝገብ እየሞላሁ ነበር፤ ቀና አላልኩም። በአምስተኛው ሳምንት ስሟን ያነሣ አልነበረም። ማሚት ኋላ አገር ገብታ ሱቅ ከፈተች፤ ብሪጂት ወደ ሌላ አገር ሄደች፤ ደረጀ አሁንም ሱራ ነው፣ ሆዱ ወጥቷል፤ ሜዳው የመምህራን መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ የአንዱ ቅርጫት ምሰሶ ብቻ ስላልተነቀለ መኪናዎች እየዞሩት ይቆማሉ።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር፤ ዘበኛው ከፈተልኝ። የባዶ ትምህርት ቤት ኮሪደር የኖራና የእርሳስ ሽታ አለው። ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ፤ የአምናውን ዝርዝር አወጣሁ፤ መዝገቡን ከጎኑ ዘረጋሁ። የአሥሩን ተጫዋቾች ነጥብ ደመርኩ፤ ሁለት ጊዜ ደመርኩ። ከመጨረሻ ሁለተኛዋ መቅደስ ነበረች፤ ስድስት ነጥብ። መጨረሻዋ ዝናሽ፤ አራት። መቅደስ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከአክስቷ ጋር በኪራይ ቤት ትኖራለች፤ የምትሠራው ቢሮ ማጽዳት ስለሆነ አርቧ የራሷ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ኖረችም አልኖረችም ማንም በር አይዘጋባትም። መቅደስ ብትወጣ አንድ ሰሞን ታኮርፍ ነበር፤ ከዚያ ከማሚት ጎን ተቀምጣ ትጮህ ነበር። ይህ ሁሉ በዚያ ጠዋት በግልጽ ታይቶኛል። የሁለቱ ልዩነት ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጊዜ ቅርጫት ውስጥ የገባች ኳስ ነው። ነገር ግን መቅደስን ባወጣ ለምን ብለው ይጠይቁኛል፤ ምክንያቱን ደግሞ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ ያለ ምክንያት ደግሞ መዝገቡ ከንቱ ይሆናል። አስቤ የደረስኩበት ይህን ነበር። ከአሥሩ ስም ሥር በአንድ መስመር «የቡድኑ ረዳት» ብሎ ዝናሽን መጨመር ይቻል ነበር፤ ማኅተሙ ለእሷም ይበቃት ነበር፤ ማዳሟ ማዕርግ አትመረምርም። ይህም ያኔውኑ በሐሳቤ መጥቷል። ቅጹ ግን ለረዳት የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ እኔም በቅጽ ላይ ያልታተመ መስመር ጨምሬ አላውቅም ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። የሱራዋ ማዳም ናት፤ ቅዳሜ እንደምገባ ከዝናሽ ሰምታለች። ሰላምታዋ እንደ ሁልጊዜው ረጅምና ጨዋ ነበር፤ ጤንነቴን፣ እናቴን፣ ሥራዬን ጠየቀች። ከዚያ፣ «የዘንድሮው ወረቀት ላይ ስሟ አለ?» አለች። ከስልኩ ወዲያ የውኃ ድምፅና የሣሕን ግጭት ይሰማል፤ አንዲት ሴት ዕቃ ታጥባለች፤ ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም። የዕቃው ድምፅ በድንገት ቆመ፤ ውኃው ብቻ ይወርዳል። «ገና አልተወሰነም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደውዬ አሳውቅዎታለሁ» አልኩ። «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» አለችኝና ዘጋች።

የአምናው ወረቀት ላይ ከአሥረኛው ስም ጎን የዝናሽ ፎቶግራፍ ተለጥፎ ነበር፤ ነጭ ሻሽ አሥራ፣ አፏን ገጥማ፣ ፎቶ አንሺው አትሳቂ ስላላት ዓይኗ ብቻ የሚስቅ። የብሪጂትን ፎቶ በቦታው ልለጥፍ፣ የእሷን በማስመሪያ ጠርዝ አላቀቅሁት፤ ማዕዘኑ ተቀደደ። ከጎኑ ያለውን ስም በኮምፒዩተሩ ላይ ፊደል በፊደል አጠፋሁና በቦታው የብሪጂትን ጻፍኩ፤ የትውልድ አገር በሚለው ሥር ካሜሩን አልኩ። አሥር ቅጂ አወጣሁ። የነጥቡን ድምር ከሥር አያያዝኩ፤ ማንም ቢጠይቀኝ እንዳሳይ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ዝናሽ እንድትወጣ የወሰንኩት ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይም፣ ቃል በገባሁት መሠረት፣ ለማዳሟ ደውዬ ስሟ እንደሌለ ነገርኳት።